ጋሼ፣ ይዘውኝ ይግቡ

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬውን ምሽት ያዘጋጁ ወዳጆቼ ስለ ልጅነቴ የስታዲየም ትዝታ እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ስለ ድሮዎቹ ተጫዋቾች እንዳወራ ጠብቀው ይመስለኛል። እነሱን ማንሣቴ አይቀርም። ዛሬ በዋነኝነት ላወራ የመጣሁት ግን ስለ ተመልካቹ ነው። የማያውቀውን ልጅ እጅ ይዞ በበሩ የሚያስገባ፣ ከጎኑ የሚያስቀምጥ፣ ከቆሎው የሚያካፍል ተመልካች በዚህ ከተማ ነበር። ብዙዎቻችንን ኳስ ወዳድ ያደረገን እሱ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

የተወለድኩት በ1968 ነው። በዚያው ዓመት የካቲትና መጋቢት ላይ አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሂዷል። ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፍን፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ ከግብፅ ጋር 1 ለ 1 ተለያየንና ከምድባችን ሳናልፍ ቀረን። ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች። አባቴ እነዚህን ጨዋታዎች ሁሉ ገብቶ አይቷል። እናቴ በበኩሏ ያን ጊዜ እኔን እርጉዝ ሆና ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትጠብቀው ማምሸቷን፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ስታነሣበት ኖራለች።

ቤታችን ቂርቆስ ነበር። አባቴ ለገሃር፣ ምድር ባቡር፣ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ስለነበር ስታዲየሙ ከቢሮውም ከቤታችንም በእግር የሚደረስበት ነው። መጀመሪያ ሊያስለምድ የሞከረው ታላቅ ወንድሜን ነበር። ወንድሜ ገና እረፍት ሳይወጡ «ቤት እንሂድ» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ አንድ እሑድ ተራው የእኔ ሆነ። ጎረቤቶቻችን ሲያዩን «ሴት ልጅ ስታዲየም ምን ትሠራለች?» አሉት። አባቴም «ኳስ ታያለች» ብሎ መለሰላቸው። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም፤ ከዚያ በኋላም የጠየቀው የለም።

በዚያ ዘመን ከለገሃር ወደ ስታዲየሙ የሚደረገውን ጉዞ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። አብዮት አደባባይ ላይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ተሰቅሎ ይታያል። ከእሱ በታች የአንበሳ አውቶቡስ ሰዉን ያራግፋል። ቆሎ ሻጮች፣ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልለው የደረደሩ ሴቶች፣ ብርቱካን የሚያዞሩ ልጆች፣ ለመቀመጫ የሚሆን ካርቶንና የቆየ ጋዜጣ የሚሸጡ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ሲሚንቶው በፀሐይ ሲግል ያቃጥላል፣ ሲመሽ ይበርዳል፤ ስለዚህ ጋዜጣው ግዴታ ነው። ዜናውን ግን ያኔም ከመቀመጣችን በፊት እናነበው ነበር።

አባቴ ሁልጊዜ አይመቸውም። በባቡር ወደ ድሬዳዋ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነበር። እሱ በሌለበት ቀን ከሰፈር ልጆች ጋር እሄዳለሁ። ትኬት መግዣ የለንም። በኪሳችን ቢበዛ ስሙኒ ትገኛለች፤ እሷም የቆሎ ናት። ያለን ተስፋ አንድ ነው፦ ትልቅ ሰው ልጅ ይዞ ሲገባ ትኬት ቆራጩ ልጁን አይከለክልም።

አሠራሩ የራሱ ጥበብ ነበረው። የሚቸኩል ሰው አይሆንም፤ ይጎትታችኋል፤ ወይም አይሰማችሁም። በቡድን የመጣም አይሆንም፤ ከጓደኞቹ ጋር ጨዋታ ይዟልና። የሚሻለው ትኬቱን አስቀድሞ በእጁ የያዘ፣ ብቻውን ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው። ወደ እሱ ጠጋ ብላችሁ «ጋሼ፣ ይዘውኝ ይግቡ» ትላላችሁ። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይመልስ እጁን ይዘረጋል። ጠንቃቃው ደግሞ ሰልፉ ላይ ሳለ ዝቅ ብሎ «ስምሽ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምናልባት ቢጠየቅ የልጁን ስም የማያውቅ አባት እንዳይሆን። ትኬት ቆራጮቹ ነገሩን በደንብ ያውቁታል። አንዱ፣ በሁለት እጁ ሁለት ሁለት ልጅ ይዞ የመጣን ሰውዬ «እሑድ እሑድ ብቻ ነው እንዴ የሚወልዱት?» ሲለው ሰምቻለሁ። ግን አሳለፋቸው።

ዛሬ ሳስበው ትልቅ ነገር ነበር። ዘመኑን አስታውሱ። ሰው ጎረቤቱን የሚጠራጠርበት፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገርበት፣ ልጁን ለዘመቻ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። እዚያ በር ላይ ግን የማንም ልጅ የማንም ነበር። ከተማዋ በሌላ ቦታ የነፈገችውን መተማመን እዚያ ሰልፍ ላይ ትሰጥ ነበር።

አንዱን ሰውዬ በተለይ አልረሳውም። ጋራዥ የሚሠራ ይመስለኛል፤ ጥፍሮቹ ሥር የታጠበ ግን ያልለቀቀ ግራሶ ነበር፣ መዳፉም ሻካራ ነው። ብዙዎቹ በሩን ካለፉ በኋላ እጃችንን ይለቁና «በይ፣ ሰው እንዳይረግጥሽ» ብለው ይሄዳሉ። እሱ አልለቀቀኝም። ሚስማር ተራ ወደሚባለው መቀመጫ ወሰደኝ፣ ጋዜጣውን ለእኔ ዘረጋልኝና እሱ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ከጨዋታው አጋማሽ በፊት አንድ ጎል ተሻረ፤ ሕዝቡ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ «ለምን ሻሩት?» አልኩት።

ከኪሱ ቆሎ አወጣ። ጋዜጣው ጥግ ላይ ሽንብራዎቹን ደረደራቸው፤ እነሱ ተከላካዮች ናቸው። አንድ ትልቅ ሽንብራ ወደ ኋላ አስቀመጠ፤ በረኛው ነው። ከገብሶቹ ሁለቱን አጥቂ አደረጋቸው። ኳሷ የሱፍ ፍሬ ናት። «እይ፣ ኳሷ ከዚህኛው እግር ስትነሣ ይኼኛው የት ነበር?» አለኝ። ገብሷ ሽንብራዎቹን አልፋ ከበረኛው ፊት ቆማለች። «ከኋላቸው» አልኩት። «አዎ፤ ተደብቆ ጠበቃት። ሮጦ ሊያገኛት ነበር የሚገባው» አለና ኦፍሳይድ የገባችውን ገብስ አንሥቶ በላት። ከዚያ በኋላ ኦፍሳይድን ማንም አላስረዳኝም፤ አላስፈለገኝም። ጨዋታው አልቆ ስንወጣ «ቤትሽን ታውቂዋለሽ?» አለኝ። አውቀዋለሁ አልኩት። ወደ ቂርቆስ የሚወስደው መንገድ እስክደርስ ከኋላዬ ሲመጣ ነበር። ስሙን አላውቅም።

ስለ ቦታዎቹ ትንሽ ልበል። ጥላ ፎቅ ኪሱ ደህና ለሆነ ሰው ነበር። እኛ የምናውቀው ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ዳፍ ትራክንና ከማን አንሼን ነው። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ ነበረው፤ የራሱ አስተባባሪ፣ የራሱ ተቺ፣ ዳኛውን በስሙ የሚጠራ የራሱ ጎርናና ድምፅ። ሴት በጣም ጥቂት ናት። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል አንድ ቀን ክፉ ነገር ሰምቼ ወይም ደርሶብኝ አያውቅም። ሰው ሲቆምብኝ ከኋላ አንዱ «ልጅቷን ወደ ፊት አሳልፏት» ይላል፤ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀበሉ እስከ አጥሩ ድረስ ያወርዱኛል። አጥሩ ሥር ሆናችሁ ኳስ ስታዩ የምትሰሙት ሌላ ነው፦ የተጫዋቾቹ ትንፋሽ፣ «ልቀቅ!» «ከኋላህ!» የሚለው ጥሪ፣ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ። ኮርና ለመምታት የመጣ ተጫዋች በእጅ ሊነካ በሚችል ርቀት ላይ ቆሞ ላቡን በማልያው ሲጠርግ አይቻለሁ። ያን ሳምንት ትምህርት ቤት ውስጥ የተናገርኩት ሁሉ ስለዚያ ላብ ነበር።

በአንድ ትኬት ሁለት ጨዋታ ይታይ ስለነበር ከሰዓት በኋላው ሁሉ እዚያ ያልቃል። አስመራን በአዱሊስና በሐማሴን፣ ድሬዳዋን በጥጥና በሲሚንቶ ነው ያወቅኋቸው። የካርታ ትምህርት ስጀምር ከተሞቹ ቀድሞውኑ ማልያ ለብሰው ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የክለቦች ስም ሲቀያየር መቻል «ምድር ጦር»፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ «ቢራ» ተብሎ ነበር። ራዲዮውም ጋዜጣውም «ቢራ» ይላሉ። አጠገባችን የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ግን «ሳንጆርጅ» ማለታቸውን ለአንድ ቀን አልተዉም። ክለቡ በ1928 ሲመሠረት ገና ልጅ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ማን በስም ለውጥ ያሳምናቸዋል? ወሎዬው ሙሉጌታ ከበደ ኳስ ይዞ ሲዞር እነዚህ ሽማግሌዎች ከሁላችን ቀድመው ይነሡ ነበር።

አባቴ ሁልጊዜ የሚያሳየኝ አንድ ቦታ ነበር። «እዚህ ነበር የቆምኩት» ይለኛል። ጥር 13 ቀን 1954፣ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፤ ያኔ ግብፅ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ቱኒዚያን በግማሽ ፍጻሜው 4 ለ 2 አሸንፈን ነው የደረስነው። ባዳዊ የሚባለው አጥቂያቸው በመጀመሪያው አጋማሽ አገባብን። እስከ 74ኛው ደቂቃ ተመርተን ቆየንና አቻ ሆንን። ሕዝቡ ተቃቅፎ ገና ሳይላቀቅ ያው ባዳዊ ሁለተኛውን አስቆጠረ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቆማል። ከጎኑ የነበረ የማያውቀው ሰው ያን ጊዜ ትከሻውን ጨምድዶ ያዘው፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገን፤ ተጨማሪ ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አባቴ ታሪኩን የሚጨርሰው በዋንጫው አይደለም፤ «ትከሻዬ ሳምንት ሙሉ አመመኝ» ብሎ ነው። እናንተ ሰዎች፣ አገራችን የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነችበትን ብቸኛውን ቀን አባቴ ያስታወሰው በአንድ እንግዳ ሰው እጅ ነው።

ከጊዜ በኋላ የእኔም ዕድል ጠበበ። ታኅሣሥ 1980 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። የዚያን ዓመት ስሜት ለወጣቶች ማስረዳት ይከብዳል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑትና ለ15 ዓመታት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ያረፉት ገና በነሐሴ ነበር። ያንን የ1954 ቡድን ያሠለጠኑም እሳቸው ናቸው። ከተማው ኀዘንም ጉጉትም ይዞት ነበር። ፍጻሜው ከዚምባብዌ ጋር ነው። አባቴ ድሬዳዋ ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ አድጓል። በበሩ ላይ የያዘኝን ሰው እጅ ትኬት ቆራጩ አየው፣ እኔንም ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይቺ ትልቅ ሰው ናት» አለ። ሰውዬው ሊከራከርልኝ ሞከረ፤ ከኋላ ሰልፉ ገፋው፤ እሱ ገባ፣ እኔ ቀረሁ። ከስታዲየም በር የተመለስኩት የመጀመሪያ ጊዜ ያ ነበር።

ወደ ቤት ግን አልሄድኩም። ውጪ የቀረው ሕዝብ ራሱ ሌላ ስታዲየም ይሞላ ነበር። በየሱቁ ደጃፍ፣ በየመኪናው ዙሪያ ሰዉ በራዲዮ ተሰብስቧል። ደምሴ ዳምጤ ነው የሚያስተላልፈው። የደምሴን ድምፅ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ ከሚያየው ጋር አብሮ የሚሮጥ፣ አብሮ የሚደክም፣ ሲጨንቀው የማይደብቅ ድምፅ ነበር። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ በአንድ ጆሮዬ እሱን፣ በሌላው ከአጥሩ በላይ የሚወጣውን የሕዝብ ድምፅ እሰማለሁ። 1 ለ 1 አለቀ። ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ፤ ያኔ «ሪጎሬ» ነው የምንለው። ራዲዮው ዙሪያ የነበረው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። የእኛ ሲመታ፣ ደምሴ ሳይጨርሰው ግድግዳው በጀርባዬ በኩል ይርገበገባል። የእነሱ ሲመታና ሲገባ እንዲያ ያለ ሕዝብ ሊኖረው የማይችል ጸጥታ ይወርዳል። እንዲህ እየተፈራረቀ ሄዶ 5 ለ 4 አሸነፍን። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ሰው ከራዲዮ ጋር ይሳሳም ነበር። አንዲት ብርቱካን ሻጭ ዘንቢሏን ገልብጣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ «ውሰድ፣ ውሰጂ» ትል ነበር፤ እኔንም አንድ ብርቱካን አስጨበጠችኝ።

አባቴ በሳምንቱ ሲመለስ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «በይ ንገሪኝ» አለኝ። እሱም እዚያው ድሬዳዋ በራዲዮ ሰምቷል። ግን ከግድግዳው ሥር የሰማሁትን ነው የፈለገው። እስከዚያ ቀን ድረስ የኳስ ታሪክ ነጋሪ እሱ፣ አድማጭ እኔ ነበርን።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ፤ ወደዚህ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ልጄን ይዤ ስታዲየም ገብቻለሁ። ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ሱዳንን ማሸነፍ ነበረብን። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈናል። ለትኬት ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረ ሰው ብዙ ነው። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡ፤ 2 ለ 0፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ጎል አለፍን። ልጄ ያን ቀን አለቀሰ፤ ለምን እንደሚያለቅስ ግን አላወቀም። ዕድለኛ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ከእሱ በኋላ የመጡት ልጆች ያን አላገኙም። ስታዲየሞቻችን የአህጉሩን መመዘኛ አያሟሉም ተብለው ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ዓመታት አልፈዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈናል። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው ያገቡት። የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ያ ጨዋታ እዚህ ቢሆን ኖሮ ካታንጋ ምን እንደሚሆን አስቡት። በ1954 አባቴ ትከሻው የታመመበት ዓይነት ቀን ነበር፤ የአዲስ አበባ ልጅ ግን በስክሪን ብቻ አየው።

ልጆቻችን የእንግሊዝ ክለቦችን መውደዳቸውን አልቃወምም። እኔም አያለሁ፣ እደሰታለሁ። ነገር ግን ካሜራ ኳሷን ብቻ ነው የሚከተለው። ኳሷ ወዲያኛው ጎል ስትሄድ ወዲህኛው በረኛ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ፣ አጥቂው ተከላካዩን ለማዘናጋት እንዴት ሰነፍ መስሎ እንደሚራመድ፣ ተቀይሮ የወጣ ልጅ ወንበሩ ላይ እንዴት ፊቱን በማልያው እንደሚሸፍን የሚታየው ሜዳ ላይ ነው። ሰው መሆንን የሚያስተምረውም ይህ ይመስለኛል፤ ከጎናችሁ ያለው የማታውቁት ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ አብሯችሁ ያያል።

የድሮው አሠራር ይመለስ ብዬ ልከራከር አልችልም። ዛሬ ልጄን ለማላውቀው ሰው እጅ አልሰጥም፤ እናንተም አትሰጡም፤ ልክ ናችሁ። ለዚህ ነው ያ የማላውቀው ጋራዥ ሠራተኛ ያደርግልኝ የነበረውን ነገር አሁን ሥርዓት ተበጅቶለት ማኅበር ሊያደርገው ይገባል የምለው። ክለቦቻችን የደጋፊ ማኅበራት አሏቸው። ትምህርት ቤቶች አሉን። ስታዲየሞቻችን ታድሰውም ሆነ አዲስ ተሠርተው ሲከፈቱ ከየደጋፊ ማኅበሩ የተመረጡና የታወቁ ሰዎች ከየትምህርት ቤቱ ልጆችን ተረክበው፣ አስገብተው፣ አስቀምጠው፣ መልሰው ማስረከብ ይችላሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ትኬት አይጠየቅ። አጥሩ ሥር ያለው ረድፍ ለእነሱ ይተው፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይከልለው። ሴት ልጆች ያለ ችግር የሚገቡበት መጸዳጃ ቤት በቅርብ ይኑር። ከዋናው ጨዋታ በፊት የታዳጊዎች ጨዋታ ይታይ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም።

ከመካከላችሁ የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የቡና፣ የመቻል ደጋፊ ማኅበራት አባላት እንዳላችሁ ማልያችሁ ይናገራል። መምህራንም አያለሁ። በመውጫው በር ላይ ባለው ጠረጴዛ የስም መመዝገቢያ ወረቀት አለ፤ ልጆችን ይዞ ለመግባት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስሙን፣ ክለቡንና ሰፈሩን ይጻፍልን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል፤ በመጀመሪያ ግን በ1980ው ፍጻሜ ውስጥ የነበራችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እኔ ውጪ ነበርኩና ያላየሁትን ንገሩኝ።